ክስ ሲከፈልበት፦ በጌም ዓለም ፍርድ ቤት የዳኝነት ክፍያ ማንን ያስቀራል?

ማይንክራፍት የተባለውን ጨዋታ ልጆች ያሏችሁ በደንብ ታውቁታላችሁ። ተጫዋቹ እንደ ጡብ ያሉ ብሎኮችን እየቆፈረና እየደረደረ ቤት፣ መንገድ፣ ከተማ ይሠራል። ብዙ ሰው በአንድ ሰርቨር ላይ ሲጫወት ግን ነገሩ ከግንባታ ያልፋል። አንዳንድ ሰርቨሮች ፕሬዚዳንት ይመርጣሉ፣ ሕግ ያወጣሉ፣ የራሳቸው ሳንቲም አላቸው፣ መሬት ይሸጣሉ ይለውጣሉ። መሬትና ገንዘብ ባለበት ደግሞ ጠብ አይጠፋም። «ጎረቤቴ አጥሬን አፈረሰብኝ»፣ «ሱቁን ሸጦልኝ ገንዘቡን ከተቀበለ በኋላ አላስረክብም አለ»፣ «ስሜን አጠፋ» የሚል አቤቱታ ይመጣል። ስለዚህ ፍርድ ቤት ይቋቋማል፤ ዳኛም ይሾማል፤ ዳኛው ከትምህርት ወይም ከሥራ ሲመለስ በትርፍ ሰዓቱ የሚፈርድ ተጫዋች ነው።

ብዙም ሳይቆይ ችግር ይከተላል። ፍርድ ቤቱ በክስ ይጥለቀለቃል። እውነተኛ በደል የደረሰበት ይከሳል፤ ቂም የያዘ ይከሳል፤ የሰለቸውም ለመዝናናት ብሎ ይከሳል። ያኔ ከተጫዋቾቹ አንዱ «ክስ የሚያቀርብ ሁሉ ይክፈል፤ ያኔ ቀልደኛው ይቀራል» የሚል ሐሳብ ያነሣል።

ሐሳቡ ሲሰሙት ልክ ይመስላል። ግን የሚቀረው በእርግጥ ቀልደኛው ነው? ወይስ ሌላ ሰው? ጥያቄው የጌም ብቻ አይደለም። እውነተኛ አገሮች ይህንኑ ሞክረው ውጤቱን አይተውታል።

ነፃ በር ለምን ይጨናነቃል?

ነገሩን ከወጪ አንጻር እንየው። በአንድ ሰርቨር ላይ ክስ ለመጻፍ 10 ደቂቃ ይበቃል እንበል። ክሱ አንዴ ከቀረበ በኋላ ግን ተከሳሹ መልስ መጻፍ አለበት፤ ምስክር ይፈለጋል፤ ዳኛው የሁለቱን ወገን ያነባል፣ የተቀረጸውን ምስል ያያል፣ ፍርድ ይጽፋል። የአንድ ሰው 10 ደቂቃ የሦስት የአራት ሰው ምሽት በላ ማለት ነው።

ኢኮኖሚስቶች ይህን ዓይነቱን ነገር ወደ ሌላ ሰው የሚተላለፍ ወጪ ይሉታል። ከሳሹ ጥቅሙን ለብቻው ያገኛል፤ ወጪው ግን ለሌላው ይተርፋል። እንዲህ ሲሆን ሰው ከሚገባው በላይ ይከሳል፤ የግድ ክፉ ስለሆነ ሳይሆን ምንም ስለማያስወጣው። ክፍያ የሚጣለው ለዚህ ነው፤ ከሳሹ ወደ ሌሎች ከሚያስተላልፈው ሸክም የተወሰነውን ራሱ እንዲሸከም።

ሐሳቡ ለእኛ አገር አዲስ አይደለም። በቀድሞው የአገራችን ሙግት ተከራካሪዎች በማር፣ በበቅሎ ወይም በፈረስ ይወራረዱ ነበር። «ያልኩት ሐሰት ከሆነ ይህን ልክፈል» ብሎ ያስያዘ ሰው ከመናገሩ በፊት ቢያንስ ሁለቴ ያስባል። በዘመናዊው ሥርዓት ደግሞ በ1945 ዓ.ም. በክፍል ሕግ ማስታወቂያ ቁጥር 177 የፍርድ ቤት ክፍያ ደንብ ወጣ። ዛሬም በየፍርድ ቤቱ ደጃፍ «ዳኝነት ከፍለሃል?» ሲባል የሚጠየቀው የዳኝነት ክፍያ ነው።

ስፖርቱም ይጠቀምበታል። በዓለም አቀፍ የአትሌቲክስ ውድድር አንድ ቡድን ለይግባኝ ዳኞች ቅሬታ ሲያቀርብ 100 ዶላር ያስይዛል፤ ቅሬታው ተቀባይነት ካላገኘ ገንዘቡ ሊቀርበት ይችላል። 100 ዶላር ለአንድ ብሔራዊ ቡድን ምንም አይደለም። ግን «እስቲ ለማንኛውም እንሞክር» የሚለውን ስሜት ቆም ያደርጋል።

እስቲ እናስላው

አሁን አንድ ምናባዊ ሰርቨር እንውሰድ። ሁለት ተጫዋቾች አሉ፤ ቅጽል ስማቸው ሎሚ እና ነብሮ ይባል።

ሎሚ አዲስ ተጫዋች ናት። አንድ ሰው 100 ሳንቲም የሚያወጣ እህሏን ወስዶባታል። ምስክር አላት፤ ብትከስ ከ10 ጊዜ 9ኙን ትረታለች። ነብሮ ደግሞ የቆየ ተጫዋች ነው። ባለሱቁን «ስሜን አጥፍቷል» ብሎ 5,000 ሳንቲም ካሣ ይጠይቃል። ማስረጃ የለውም፤ ከ100 ጊዜ 3 ጊዜ ብቻ ቢሳካለት ነው። ግን «ማን ያውቃል?» ይላል።

ፍርድ ቤቱ ነፃ ከሆነ ሁለቱም ይከሳሉ። የሎሚ ክስ በአማካይ 90 ሳንቲም ያወጣል (የ100 ሳንቲም 90 በመቶ)። የነብሮ ክስ ደግሞ በአማካይ 150 ሳንቲም ያወጣል (የ5,000 ሳንቲም 3 በመቶ)። ልብ በሉ፤ መሠረተ ቢሱ ክስ ከእውነተኛው ክስ ይበልጥ «ያዋጣል»።

አሁን ሰርቨሩ ለማንኛውም ክስ 100 ሳንቲም ክፍያ ጣለ፤ የማይመለስ። ሎሚ ብትከስ 90 አግኝታ 100 ትከፍላለች፤ 10 ሳንቲም ትከስራለች። ስለዚህ ትተወዋለች። ነብሮ ግን 150 ጠብቆ 100 ይከፍላል፤ 50 ይተርፈዋል። እሱ ይከሳል!

ማጣሪያው የሠራው በግልባጩ ነው። እውነተኛዋ ከሳሽ ቀረች፤ ቁማርተኛው ገባ። ምክንያቱ ቀላል ነው፤ ለሁሉም እኩል የሆነ ክፍያ ትንሹን ክስ ከትልቁ ይለያል እንጂ እውነተኛውን ከሐሰተኛው አይለይም።

አንድ ነገር እንለውጥ። የ100 ሳንቲሙ ክፍያ ለሚረታው ይመለስለት። አሁን ሎሚ ተመልሳ ትመጣለች፤ በአማካይ 80 ሳንቲም ይተርፋታል። ነብሮም ግን አልቀረም፤ እንዲያውም ትርፉ ወደ 53 ከፍ ብሏል።

ሁለተኛ ነገር እንለውጥ። ማስያዣው ከተጠየቀው ገንዘብ 10 በመቶ ይሁን። ሎሚ 10 ሳንቲም ታስይዛለች፤ በአማካይ 89 ይተርፋታል። ነብሮ 500 ሳንቲም ማስያዝ አለበት፤ ከ100 ጊዜ 97ቱን ያጣዋል። ስሌቱ በአማካይ የ335 ሳንቲም ኪሳራ ነው። አሁን ነብሮ እቤቱ ይቀመጣል። «እሺ፣ 5,000 ሳይሆን 500 ልጠይቅ» ቢልም አያዋጣውም፤ ማስያዣው ሲቀንስ ሊያገኘው የሚችለውም አብሮ ይቀንሳልና።

ከስሌቱ ሁለት ትምህርት እናገኛለን። ማስያዣው መመለሱ እውነተኛውን ከሳሽ ይጠብቃል፤ በተጠየቀው መጠን ልክ መሆኑ ደግሞ ቁማርተኛውን ያስቀራል። በ10 በመቶ ማስያዣ ለመክሰስ የሚያዋጣው ከ11 ጊዜ ቢያንስ አንዴ እንደሚረታ ለሚያምን ሰው ነው፤ ክሱ ትንሽም ይሁን ትልቅ።

እንግሊዝ የከፈለችው ትምህርት

«ይህ የወረቀት ላይ ስሌት ነው፤ በተግባርስ?» ትሉ ይሆናል። የብሪታንያ መንግሥት ይህንኑ በሰፊው ሞክሮታል።

እ.ኤ.አ. እስከ 2013 ድረስ አንድ ሠራተኛ አሠሪውን በሥራ ጉዳይ ችሎት ለመክሰስ አይከፍልም ነበር። በዚያ ዓመት ሐምሌ ወር መጨረሻ ላይ ክፍያ ተጣለ። እንደ ያልተከፈለ ደመወዝ ላሉ ቀለል ያሉ ጉዳዮች እስከ ችሎቱ ድረስ በጠቅላላ 390 ፓውንድ፣ እንደ ያለአግባብ መባረርና መድልዎ ላሉት ደግሞ 1,200 ፓውንድ ሆነ። ከምክንያቶቹ አንዱ መሠረተ ቢስ ክሶችን መቀነስ ነበር።

ክሶቹ በእርግጥ ቀነሱ፤ በሁለት ሦስተኛ ገደማ። ጥያቄው የቀሩት የትኞቹ ናቸው ነው። ማጣሪያው ሠርቶ ቢሆን ኖሮ ከክፍያው በኋላ ከሚቀርቡት ክሶች መካከል የሚረቱት ድርሻ ከፍ ማለት ነበረበት፤ ገለባው ከወጣ ፍሬው ይበዛልና። የሆነው ግን ተቃራኒው ነው። የሚረቱት ክሶች ድርሻ ዝቅ አለ፤ የሚሸነፉት ድርሻ ከፍ አለ።

ዩኒሰን የተባለው የሠራተኞች ማኅበር ጉዳዩን እስከ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ወሰደው። ፍርድ ቤቱ እ.ኤ.አ. በ2017 ክፍያው ሕገ ወጥ ነው ብሎ ሻረው፤ መንግሥትም የተከፈለውን እንዲመልስ ሆነ። ዋና ፍርዱን የጻፉት ዳኛ ሎርድ ሪድ ያነሡት ነጥብ የሎሚን ስሌት ይመስላል። 500 ፓውንድ ደመወዝ የተቀነሰበት ሠራተኛ 390 ፓውንድ ከፍሎ አይከስም፤ እንደሚረታ፣ ገንዘቡም እንደሚመለስለት እርግጠኛ ካልሆነ በቀር። ያ ሠራተኛ ቀልደኛ አይደለም። የተበደለ፣ ግን በደሉ ትንሽ የሆነበት ሰው ነው።

ፍርዱ ሌላም ትልቅ ነገር ይናገራል። ፍርድ ቤት የሚጠቅመው የሚከሱትን ብቻ አይደለም። አሠሪው ደመወዝ የሚከፍለው ባይከፍል ሊከሰስ እንደሚችል ስለሚያውቅ ጭምር ነው። በሩ መዘጋቱ ሲታወቅ ከዚህ በፊት ያልበደለውም መበደል ይጀምራል። በሰርቨሩም ያው ነው። ከ100 ሳንቲም በታች የሆነ ስርቆት እንደማይከሰስ ሌባው ካወቀ 99 ሳንቲም ደጋግሞ ይሰርቃል።

የተሸነፈ ክስ ሁሉ የማይረባ ክስ አይደለም

ክፍያው ከውጤቱ ጋር ሲታሰርስ? ይህንንም የሞከረ አለ። በአሜሪካ ፍትሐ ብሔር ሙግት እያንዳንዱ ወገን በአብዛኛው የጠበቃውን ወጪ ራሱ ይችላል፤ በእንግሊዝ ግን የተረታው የረታውን ወጪ ይሸፍናል። የፍሎሪዳ ግዛት እ.ኤ.አ. ከ1980 እስከ 1985 ድረስ በሐኪሞች ስህተት ላይ በሚቀርቡ ክሶች የእንግሊዙን መንገድ ተከተለች። ጊዜውን ያጠኑ ኢኮኖሚስቶች ብዙ ከሳሾች ክሳቸውን መተዋቸውን አይተዋል፤ እስከ ፍርድ ከደረሱት ውስጥ ግን ከሳሾች የረቱት ይበልጥ ብዙ ጊዜ ነበር፤ የተፈረደላቸውም ካሣ ከፍ ያለ ነበር። ከብሪታንያው ተቃራኒ ማለት ነው። መግቢያው ላይ የሚጠየቅ ክፍያ ኪስን ይለካል፤ መጨረሻ ላይ የሚመጣ ኪሳራ ደግሞ በራስ ክስ ላይ ያለን እምነት ይለካል።

ይህም ግን እንከን አላጣም። ከሳሹ ሲረታ ሐኪሙ ይከፍላል፤ ሐኪሙ ሲረታ ግን ከሳሹ ብዙ ጊዜ የሚከፍለው የለውም። ሕጉ እንዲወጣ የገፋፉት ሐኪሞች ራሳቸው ኋላ ላይ እንዲሻር ፈለጉ።

ሌላም ከባድ ጥያቄ አለ። ክስ ስለተሸነፈ ብቻ የማይረባ ነበር ማለት ነው? እ.ኤ.አ. በ1928 በስኮትላንድ ፔዝሊ ከተማ ሜይ ዶናሁ የተባሉ ሴት ካፌ ገብተው ጓደኛቸው የገዙላቸውን የዝንጅብል መጠጥ ጠጡ። ከጠርሙሱ ውስጥ የበሰበሰ ቀንድ አውጣ ወጣ አሉ። አምራቹን ከሰሱ። በዘመኑ ዓይን ክሱ ደካማ ነበር፤ መጠጡን የገዙት እሳቸው አይደሉም፤ ከአምራቹ ጋርም ምንም ውል የላቸውም። «ጠርሙስ ውስጥ ቀንድ አውጣ አገኘሁ» የሚል አቤቱታ ዛሬ በአንድ ሰርቨር ላይ ቢቀርብ ስንቱ ይስቅ ነበር!

ሴትዮዋ ድሃ ነበሩ። 5 ፓውንድ የሚያወጣ ሀብት እንኳ እንደሌላቸው አመልክተው ነው ጉዳያቸው በድሃ ደንብ ወደ ሎርዶች ምክር ቤት እንዲሄድ የተፈቀደላቸው። እ.ኤ.አ. በ1932 ዳኞቹ 3 ለ2 በሆነ ድምፅ ለእሳቸው ወሰኑ፤ አምራች ዕቃውን ለሚጠቀመው ሰው መጠንቀቅ አለበት ብለው። ዛሬ በብዙ አገሮች ስለ ቸልተኝነት ያለው ሕግ ከዚያ ጠርሙስ የወጣ ነው። የማይመለስ ክፍያ፣ ያለ ድሃ ደንብ፣ ያንን በር ዘግቶት ነበር።

የኢትዮጵያ የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግም ይህን አልረሳም። የ1958ቱ ሕግ ከአንቀጽ 467 ጀምሮ ዳኝነት ለመክፈል አቅም የሌለው ሰው በድሃ ደንብ እንዲከስ ይፈቅዳል። ክፍያ ያለበት ሥርዓት ሁሉ እንዲህ ያለ የጎን በር ያስፈልገዋል። ሎሚ ገና ትናንት ሰርቨሩ ላይ የገባች ተጫዋች ናት፤ ቦርሳዋ ውስጥ 4 ሳንቲም ብቻ ካለ የ10 ሳንቲም ማስያዣም ለእሷ ግንብ ነው።

ክፍያው «ፈቃድ» ሲሆን

እስካሁን ነብሮ ገንዘብ ፈልጎ ይከሳል ብለን ነው ያሰላነው። ገንዘብ የማይፈልግ ቢሆንስ? ባለሱቁን ማሰልቸት ብቻ የሚፈልግ ሰው አለ። የቆየና 200,000 ሳንቲም ያለው ተጫዋች 100 ሳንቲም ከፍሎ ሰውን አንድ ሳምንት ማጉላላት ከቻለ ርካሽ መዝናኛ አገኘ።

እዚህ ላይ በእስራኤል ሐይፋ ከተማ የተሠራ አንድ ታዋቂ ጥናት ያስተምረናል። ሁለት ኢኮኖሚስቶች፣ ዩሪ ግኒዚ እና አልዶ ሩስቲኪኒ፣ በ10 መዋዕለ ሕፃናት ልጆቻቸውን ለመውሰድ የሚዘገዩ ወላጆችን አጠኑ፤ ውጤቱንም እ.ኤ.አ. በ2000 አሳተሙ። በ6ቱ መዋዕለ ሕፃናት ለዘገየ ወላጅ 10 ሰቅል ቅጣት ተጣለ። የሚዘገዩት ይቀንሳሉ ተብሎ ሲጠበቅ በእጥፍ ገደማ ጨመሩ። ቅጣቱ ሲነሣም አልቀነሱም።

ለምን? ከቅጣቱ በፊት የዘገየ ወላጅ መምህሯን ማየት ያፍር ነበር። ቅጣቱ ሲመጣ ግን መዘግየት ዋጋ ያለው አገልግሎት ሆነ፤ «ከፍያለሁ እኮ!» ማለት ይቻላል። በትናንሽ ማኅበረሰቦች ውስጥ ሰውን ከከንቱ ክስ የሚያግደው ዋናው ነገር ይሉኝታ ነው። ነብሮ ያለ ምክንያት ከሰሰ ሲባል ሌሎች ይሸሹታል፤ አብሮት የሚገነባ ያጣል። ክፍያ ሲጣል ይሉኝታው በገንዘብ ሊተካ ይችላል። ስለዚህ ማስያዣውን መውረስ ብቻ አይበቃም፤ ዳኛው «ይህ ክስ ሰውን ለማጉላላት የቀረበ ነው» ብሎ በግልጽ መጻፍ አለበት።

ሀብት የማይገዛው ክፍያ

ደግነቱ የጌሙና የስፖርቱ ዓለም ከሳንቲም ሌላ መክፈያ አግኝተዋል፤ በቁጥር የተወሰነ ዕድል።

በቴኒስ ውድድሮች ለዓመታት የተሠራበትን ደንብ አስታውሱ። ተጫዋቹ «ኳሷ መስመር ነክታለች፤ በካሜራ ይታይልኝ» ማለት ይችላል። ልክ ከሆነ ምንም አያጣም። ከተሳሳተ ካለው 3 ዕድል አንዱ ይቀነሳል። የዓለም ቁጥር አንዱም፣ ገና የመጣው ወጣትም እኩል 3 አላቸው። በገንዘብ መጨመር አይቻልም።

ዶታ 2 በተባለው ጨዋታም ተመሳሳይ መንገድ ተሠርቶበታል። አንድ ተጫዋች ሌላውን «ተሳደበ» ወይም «ሆን ብሎ ቡድኑን አበላሸ» ብሎ የሚያመለክትበት ዕድል በቁጥር የተወሰነ ነው። ያመለከተበት ሰው ጥፋተኛ ሆኖ ከተቀጣ ዕድሉ ይመለስለታል። ተመላሽ ማስያዣ ይሏል ይህ ነው፤ ሳንቲም ብቻ የለበትም። በተሸነፈ ቁጥር በንዴት ሁሉንም የሚከስ ተጫዋች ዕድሉን ቶሎ ይጨርሳል፤ አስቦ የሚከስ ግን ሁልጊዜ ይኖረዋል።

ሊግ ኦፍ ሌጀንድስ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2011 «ትሪቡናል» የተባለ ሥርዓት ሲጀምር ሌላ ማጣሪያ ተጠቀመ። አንድ አቤቱታ ብቻውን ችሎት አያስከፍትም ነበር፤ በአንድ ተጫዋች ላይ ከተለያዩ ጨዋታዎች አቤቱታ ሲከማች ነበር መዝገቡ ወደ ፈራጅ ተጫዋቾች የሚሄደው። እነሱም «ይቀጣ» ወይም «ይማር» ብለው ድምፅ ይሰጡ ነበር። የአንድ ሰው ቂም በዚህ መንገድ ብዙ ርቀት አይሄድም።

ቁጥርን መገደብ ግን አንድ ቀዳዳ አለው፤ ሁለተኛ አካውንት። ነብሮ ዕድሉ ሲያልቅበት በሌላ ስም ሊመጣ ይችላል። ስለዚህ ይህ መንገድ የሚሠራው አዲስ አካውንት መክፈት ዋጋ በሚያስከፍልበት፣ ወይም የተወሰነ ሰዓት ያልተጫወተ መክሰስ በማይችልበት ቦታ ነው። የኋለኛው ደግሞ እንደ ሎሚ ያሉትን አዲሶች እንዳይጎዳ መጠንቀቅ ይፈልጋል፤ አዲሱን ወክሎ የሚከስ ሰው መፍቀድ አንድ መላ ነው።

ገንዘቡስ ወዴት ይሄዳል?

ይህ ትንሽ ጥያቄ ይመስላል፤ አይደለም። አዳም ስሚዝ እ.ኤ.አ. በ1776 ባሳተሙት መጽሐፋቸው የድሮ የእንግሊዝ ፍርድ ቤቶች በክፍያ ይተዳደሩ ስለነበር እያንዳንዱ ብዙ ጉዳይ ወደ ራሱ ለመሳብ ይሽቀዳደም እንደነበር ጽፈዋል። እኛም «ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል» የምንል ሰዎች ስለሆንን ነገሩ ይገባናል። የተወረሰው ማስያዣ ለዳኛው የሚገባ ከሆነ ዳኛው ክሱን «የማይረባ» ለማለት ጥቅም አለው። ለተከሳሹ ቢሰጥ ይሻላል፤ ጊዜውን ያጣው እሱ ነውና። ወይም ሳንቲሙ ጨርሶ ከሰርቨሩ ይጥፋ።

መጥፋቱ ሌላ ጥቅምም አለው። በጌም ውስጥ ተጫዋቾች ባመረቱ ቁጥር ሳንቲም ይፈጠራል፤ የሚወጣበት መንገድ ከሌለ ዋጋ ይንራል። ኢቭ ኦንላይን የተባለው ጨዋታ ባለቤት፣ የአይስላንዱ ሲሲፒ፣ እ.ኤ.አ. በ2007 የጨዋታውን ኢኮኖሚ የሚከታተል ባለሙያ ኢኮኖሚስት እስከ መቅጠር የደረሰው በዚህ ዓይነት ጉዳይ ምክንያት ነው። የዋጋ ንረት ክፍያውንም ያሟሟዋል። ዛሬ ከባድ የሆነ 100 ሳንቲም ከዓመት በኋላ ለአንድ ዳቦ ላይበቃ ይችላል። በ1945 ዓ.ም. በብር የተቆረጠ ተመን ከአሥርተ ዓመታት በኋላ ምን እንደሚመዝን ማሰብ ነው። በመቶኛ የተቀመጠ ማስያዣ ከዚህ ችግር በብዛት ያመልጣል።

ታዲያ ምን ይሻላል?

አንድ የጌም ማኅበረሰብ ፍርድ ቤቱ በክስ ሲጥለቀለቅበት እንዲህ ቢያደርግ ጥሩ ነው እንላለን።

አንደኛ፣ የማይመለስ ክፍያ አይሁን፤ ማስያዣ ይሁን። ማስያዣውም ከሚጠየቀው ገንዘብ ጋር ይመጣጠን። ገንዘብ ላልሆኑ ጉዳዮች፣ ለምሳሌ ለእገዳ ይነሣልኝ ወይም ለስድብ፣ ትንሽ ቁርጥ ያለ ማስያዣ ይበቃል።

ሁለተኛ፣ ማስያዣው የሚወረሰው ክሱ ስለተሸነፈ ሳይሆን ዳኛው «ምንም መሠረት የለውም» ብሎ ምክንያቱን ጽፎ ሲወስን ብቻ ይሁን። በቅንነት ተከራክሮ የተሸነፈ ገንዘቡን ይዞ ይሂድ።

ሦስተኛ፣ የድሃ ደንብ ይኑር። አዲስ ተጫዋች የመጀመሪያ ክሱን በነፃ ቢያቀርብ ፍርድ ቤቱ አይፈርስም።

አራተኛ፣ ደጋግሞ መሠረተ ቢስ ክስ የሚያቀርብ ሰው ማስያዣው በየጊዜው ይጨምር፤ ዕድሉም በቁጥር ይገደብ። ሀብታሙን የሚያቆመው ሳንቲሙ ሳይሆን ይህ ነው።

አምስተኛ፣ የቀነሱትን ክሶች ብቻ አትቁጠሩ። ይህ ከሁሉም በላይ ነው። ክፍያ ሲጣል የክስ ቁጥር መውረዱ አይቀርም፤ በብሪታንያም ወርዷል። መታየት ያለበት ከቀረቡት ውስጥ ስንቱ ረቱ የሚለው ነው። ድርሻው ከፍ ካለ ማጣሪያው ገለባውን ነው ያወጣው። ዝቅ ካለ ደግሞ ፍሬው በወንፊቱ አልፎ መሬት ላይ ፈስሷል ማለት ነው።

በእውነተኛው ዓለም በሩ የተዘጋበት ሰው ቢያንስ አገሩ ውስጥ ይኖራል፤ ይጮኻል፤ ማኅበር ያቋቁማል። በጌም ዓለም ግን የተበደለ አዲስ ተጫዋች የሚያደርገው አንድ ነገር ነው፤ ዝም ብሎ ይወጣል፣ ተመልሶም አይገባም። አስተዳዳሪዎቹ የክስ ዝርዝሩ ባዶ ሆኖ ሲያዩ «ሰላም ሆነ» ይሉ ይሆናል። ሰላም መሆኑን የሚያውቁት ግን የሎሚ እህል እንደተመለሰላት ሲያረጋግጡ ነው።